ምን ጎደለ?

ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር አቃቂ ጣቢያ ላይ ብዙ አይቆምም ነበር። መንገደኛው አንገቱን በመስኮት ሲያወጣ ያለምወርቅ ጉተማ ከጣቢያው ቡፌ ትሪዋን ይዛ ትወጣለች። ትሪው ላይ ሻይ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አለ። ብርጭቆውን በመስኮት ታቀብላለች፣ ወደሚቀጥለው ፉርጎ ታልፋለች፣ ስትመለስ ባዶውን ትሰበስባለች። ሻይ ትኩስ ነው፣ ባቡር ደግሞ ችኩል ነው፤ ሳይጨርስ ፊሽካው ተነፍቶበት ብርጭቆ እንደያዘ አዲስ አበባ የገባ መንገደኛ ጥቂት አልነበረም። ያለምወርቅ ለዚህ መላ አበጅታለት ነበር። ሻዩን ከሁለት ብርጭቆ እያገላበጠች አብርዳ ነው የምትሰጠው። መንገደኛው ከንፈሩ ሳይቃጠል ይጠጣል፣ ብርጭቆውም ይመለሳል።

የተወለደችው ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት ጀምሮ ከወንዙ ማዶ ያርስ ከነበረ ቤተሰብ ነው። አባቷ ጉተማ መሬቱ እየጠበበ ሲመጣ የጥጥ ፋብሪካ ዘበኛ ሆነው ኖረው ሞቱ። እናቷ ዳሲቱ ሁለት ላሞች ይዘው ለፋብሪካው ሰፈር ወተት ያቀርቡ ነበር። ያለምወርቅ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ቡፌው ውስጥ ስትቀጠር የአገሩ ሰው አልገረመውም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መቀመጥ የማይሆንላት ሰው መሆኗን ሁሉም ያውቃል። ሰርግ ተጠርታ ስትሄድ ከተሰጣት ቦታ ተነስታ ወጥ ስታዞር ትገኛለች። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ መሃል ጠፍታ ጓዳ ሰሃን ስታጥብ ትታያለች።

«ኢንተላ ኮ» ይሏታል እናቷ፣ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፤ «ወንበር ያቃጥልሻል እንዴ?»

ሁሉም እንደ ትጋት ቆጠረላት። እሷ ግን በውስጧ ሌላ ነገር እንዳለ ታውቃለች። ባቡሩ ተነስቶ የመጨረሻው ፉርጎ በኩርባው ሲሰወር ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ትቀራለች። መንገደኛ ሁሉ አንድ ቦታ ይደርሳል። እሷ በባቡር ሄዳ የምታውቀው ሞጆ ድረስ ነው፤ ያውም ለአክስቷ ልጅ ሰርግ። ወደ ቡፌው ስትመለስ መጥረጊያ ታነሳለች፣ የተጠረገውን እንደገና ትጠርጋለች።

በ1961 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አንድ ትልቅ ሆቴል ሲሰራ የሆቴሉ ድርጅት ሠራተኞች ፈልጎ ማስታወቂያ ለጠፈ። የተመረጡት ጃፓን፣ ኦሳካ በምትባል ከተማ፣ ወንዝ ዳር በሚገኝ ዝነኛ ሆቴል ውስጥ ሰልጥነው ይመጣሉ ይላል። ያለምወርቅ ለማንም ሳትናገር ሄዳ ተፈተነች። ብዙ ሰው ተፈትኖ በዚያ ዙር ሁለት ሰው አለፈ። አንዷ እሷ ናት፤ ሌላው ቀናው የሚባል፣ ሳሪስ አቦ አጠገብ ቡና ቤት ውስጥ አስተናጋጅ የነበረ፣ አፉ የማያርፍ ወጣት ነው።

የቡፌው ባለቤት እትዬ በላይነሽ ነገሩን የሰሙት ከሌላ ሰው ነበር። ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ በኋላ ቡፌውን ተኮናትረው ብቻቸውን ያካሂዱታል። ያለምወርቅን ሲያዩዋት ድንች ይልጡ ነበር፤ ቢላቸውን አላቆሙም።

«አልጋ ማንጠፍ ለመማር ጃፓን?»

«አልጋ ብቻ አይደለም እትዬ። መስተንግዶ ነው።»

«መስተንግዶ። እኔ እዚህ ስሠራ የኖርኩት ምን መስሎሽ ነበር?»

«እሱማ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

«ታዲያ አስተማሪሽን ጥለሽ ሌላ አስተማሪ ፍለጋ ነው የምትሄጂው።» ድንቹን ውሃ ውስጥ ጣሉት። «ሂጂ፣ አልከለክልሽም። ግን ቦታሽ አይጠብቅሽም። ባቡር ሰው ሲጠብቅ አይተሻል?»

ያለምወርቅ አላየችም። በዚያ ሳምንት እትዬ በላይነሽ ሌላ ልጅ ቀጠሩ። እናቷ ግን የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ካልተሳካልሽስ? ስትመለሺ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ይሳካል፣ እማ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ» አሉ ዳሲቱ። ከሳጥናቸው ውስጥ ጥለቱ ሰማያዊ የሆነ አዲስ ነጠላ አውጥተው ሰጧት።

* * *

ኦሳካ ሲደርሱ የተቀበለቻቸው የሆቴሉ አሰልጣኝ ሚስ ሞሪታ ነበረች። ፀጉሯ መሸበት የጀመረ፣ ቀጭን፣ እንግሊዝኛን አንድ አንድ ቃል እየመረጠች የምትናገር ሴት ናት። ከሌሎች አገሮች የመጡ ጥቂት ሰልጣኞችም ነበሩ። ሁሉንም ሰብስባ ደንቡን ነገረቻቸው።

«ለአንድ ሳምንት ሰልጣኞች አይደላችሁም። እንግዶቻችን ናችሁ። ክፍያ እንደሚከፍል ሰው ትስተናገዳላችሁ። አንድም ዕቃ አታነሱም። ጓደኛ ያለው እንግዳ ጉድለት ስለማያይ የምትበሉት ለየብቻ ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ ሠራተኞቹ በተሰበሰቡበት እያንዳንዳችሁ የጎደለውን ትናገራላችሁ። ጉድለቱን ያየ ወደ ስልጠናው ይገባል። ያላየ ወደ አገሩ ይመለሳል። እንግዳ ሆኖ ያላየውን አስተናጋጅ ሆኖ አያየውም።»

ያለምወርቅ እንግሊዝኛዋ የተማሪ ቤት ስለነበር በትክክል መስማቷን ለማረጋገጥ ወደ ቀናው ዞረች።

«አማርሩ ነው የምትለው» አለ ቀናው። «አማርሮ ማለፍ። ለዚህስ እናቴ ቤት ነው የሰለጠንኩት።»

ክፍሏ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ነበር። የአሳንሰሩ ሠራተኛ ነጭ ጓንት አድርጋ ከወገቧ ጎንበስ ብላ አስገባቻት፣ ጎንበስ ብላ አስወጣቻት። አልጋው ላይ ከስስ ጥጥ የተሰራ ካባ መሳይ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ፔርሙስ፣ እጀታ የሌላቸው ስኒዎችና በወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ አለ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ እስከ አንገት የሚያሰጥም ገንዳ አለ፤ ጥቂት ቆይታ ስትመለከት ውሃ ተሞልቶ እንፋሎት ያወጣል። ማን ሞላው? ሰው ሲገባ አልሰማችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ተነሳች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ተነሳች። በመጨረሻ መስኮቱ ጋ ሄደች።

ከመስኮቱ በታች ባቡር ጣቢያ ነበር። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ የቆመው በሩን ሳይዘጋ ተከታዩ ከጭራው ሲደርስ ይታያል። መስኮቶቻቸው አይከፈቱም። ሻይ የሚያቀብልም፣ አንገቱን የሚያወጣም የለም። ያለምወርቅ በዚያ ሳምንት ከየትኛውም ቦታ ይልቅ የቆመችው እዚያ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ባለጌ እንዳትቆጠር ቀድማ ተነሳች። አንሶላውን ወጥራ፣ ብርድ ልብሱን አጥፋ፣ ትራሱን አቃንታ ማንም ያልተኛበት አስመሰለችው። የታጠበችበትን ገንዳ ፈገፈገች። የሰው ቤት ያደረ ሰው ጓዙን አይዘረጋም፤ ቤቱ ከነበረበት ያላነሰ ሆኖ ማግኘት የባለቤቱ መብት ነው። ቁርስ በልታ ስትመለስ አልጋው እንደገና ፈርሶ እንደገና ተነጥፎ አገኘችው። በሁለተኛው ቀን የበለጠ አሳምራ አነጠፈችው፤ ያም ፈረሰ። በሦስተኛው ቀን ከበሩ ላይ የፎቁን ሠራተኛ አገኘቻት። ፉሚኮ ትባላለች፤ ስሟ ደረቷ ላይ በላቲን ፊደል ተጽፏል። ክብ ፊት ያላት፣ ከያለምወርቅ በዕድሜ ብዙም የማታንስ ሴት ናት። ያለምወርቅ ወደ አልጋው፣ ከዚያ ወደ ራሷ አመለከተች፣ «እኔ እሠራዋለሁ» ለማለት። ፉሚኮ ጎንበስ አለች፣ ገባች፣ አልጋውን አፈረሰችው።

ምግብ ቤቱ ውስጥ የባሰ ነገር ገጠማት። ጠረጴዛዋ ለአንድ ሰው የተዘጋጀ ነው። አስተናጋጁ ሳህኑን አቅርቦ እንዲጨምርላት በእጁ ሲጠይቃት፣ እንደ ወጉ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በቃኝ አለች። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ ሳህኑን ይዞ ሄደ። ያለምወርቅ እስኪመለስ ጠበቀች። የተመለሰው ሻይ ይዞ ነው። ማታም እንዲሁ ሆነ፣ በማግስቱም። አፏ ሳያስበው በቃኝ ይላል፤ ሰውየውም ያምናታል።

ቀናው ከሰዓት በኋላ ከሆቴሉ ፊት ለፊት ወንዙ ዳር አገኛት፤ እዚያ መገናኘት አልተከለከለም።

«ከስተሻል» አላት።

«ጥሩ ይበላል።»

«በቃኝ እያልሽ ነው አይደል? ያለም፣ እዚህ አገር በሞቴ ብይ የሚልሽ ሰው የለም። በሞታቸው አይቀልዱም። ባለፈው እኔም አንዴ አልኩ፣ ዓሣዬ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ገና ሳይጠይቁኝ ነው አዎ የምለው።»

«ይሉኝታ የሚባል ነገር የለህም።»

«አገር ቤት ነው የቀረው። የማማርረውን ልንገርሽ? ትራሱ ገለባ የተሞላ ይመስል ጆሮዬ ላይ ይንኮሻኮሻል። ነጠላ ጫማው ተረከዜን ውጭ ጥሎታል። ፎጣው ለአንድ ክንድ ነው። አንቺስ?»

«ምንም።»

«ምንም ብለሽማ እትዬ በላይነሽ ጋ ነሽ። እሷም አትቀበልሽም።»

«ታዲያ በሰው ቤት በልቼ፣ ተኝቼ፣ ቤቱን ልማ?»

«ሐሜት አይደለም፤ ፊት ለፊት ነው።»

«ፊት ለፊትማ ስድብ ነው» አለች ያለምወርቅ።

ወንዙ ላይ ከሰል የጫነ ጀልባ ሲያልፍ ሁለቱም በዓይናቸው ተከተሉት።

በዚያው ቀን፣ ከመመሻሸቱ በፊት፣ በሩ ተንኳኳ። ፉሚኮ ናት፤ በትሪ ትኩስ፣ አረንጓዴውን የጃፓን ሻይ ይዛለች። ያለምወርቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ጀርባው ላይ የእናቷ ነጠላ ተጣጥፏል። ሰው ትሪ ይዞ ሲመጣባት ሰውነቷ ከሐሳቧ ቀደመ። ተነስታ ትሪውን ለመቀበል ሁለት እጇን ዘረጋች። ፉሚኮ ትሪውን የሚቀበላት እንግዳ አጋጥሟት አያውቅም፤ ወደኋላ ሸሸች። ትሪው ተጋደለና የሻዩ ማንቆርቆሪያ ወንበሩ ጀርባ ላይ ወደቀ። ነጠላው ከጥለቱ እስከ መሃሉ አረንጓዴ ሆነ።

ፉሚኮ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። ግንባሯ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ጎነበሰች፣ ከዚያ ነጠላውን ለመውሰድ እጇን ዘረጋች። ያለምወርቅ ነጠላውን ነጥቃ ከኋላዋ ደበቀችው። ምንም አይደለም አለች በአማርኛ። ፉሚኮ እንደገና እጇን ዘረጋች። ያለምወርቅ አሁንም ከለከለቻት፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ለማንም አትናገሪ የሚል ምልክት ሰጠቻት። ፉሚኮ ጀርባዋን ሳትሰጥ እስከ በሩ ድረስ ሄዳ ወጣች። ያለምወርቅ ነጠላውን በሳሙና አሸችው፤ ቀለሙ ደበዘዘ እንጂ አልለቀቀም። ቢሆንም አንዲት ሠራተኛ ከቅጣት አድኛለሁ ብላ ስላሰበች ልቧ ቀለል አላት።

ከዚያ ወዲህ ፉሚኮ ስትገባ ቀና ብላ አላየቻትም። ፎጣው በዛ። ስኒው አጠገብ በየቀኑ አንድ አበባ ይቀመጣል። ያለምወርቅ ይህን ሁሉ ምስጋና አድርጋ ወሰደችው።

* * *

ሳምንቱ ሲያልቅ በሆቴሉ ትንሽ አዳራሽ ሰልጣኞቹ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያስተናገዷቸው ሠራተኞች ግድግዳውን ተደግፈው ሳይሆን አንድ እርምጃ ከሱ ራቅ ብለው በሰልፍ ቆሙ። ፉሚኮ ከሰልፉ መጨረሻ ነበረች። ያለምወርቅ ነጠላዋን እድፉ እንዳይታይ ወደ ውስጥ አጥፋ ለብሳለች።

ቀናው ቀድሞ ተነሳ። ትራሱን፣ ነጠላ ጫማውን፣ ፎጣውን ዘረዘረ፤ አሳንሰሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ስለሚል ለቅሶ የሄደ እንደመሰለውም ጨመረ። ሚስ ሞሪታ አንድ በአንድ ተረጎመች። የሚመለከታቸው ሠራተኞች በየተራ ጎንበስ አሉ። ቀናው እንደ ዳኛ አመስግኖ ተቀመጠ።

ያለምወርቅ ተራዋ ደርሶ ቆመች።

«ምንም አልጎደለም። ሁሉም ጥሩ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ሁሉም ጥሩ ነው ያለ እንግዳ ተመልሶ አይመጣም» አለች ሚስ ሞሪታ። «አስቢና እንደገና ንገሪኝ።»

ያለምወርቅ አሰበች። ከዚህ ክፍል የሚወጡ ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንዱ አውሮፕላን ነው፤ አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ያወርዳታል፣ ባቡሩ አቃቂ ያወርዳታል፣ ቡፌው ውስጥ ሌላ ልጅ ትሪዋን ይዛ ትጠብቃታለች። ሌላው መንገድ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሻይ ልብሴ ላይ ፈሰሰ። በእንግሊዝኛ ማለት ትችላለች። ወደ ሰልፉ መጨረሻ ተመለከተች። ፉሚኮ ወለሉን ታያለች።

«ምንም አልጎደለም» አለች እንደገና።

«ካላየሽ ልትቀጥዪ አትችዪም። አዝናለሁ» አለች ሚስ ሞሪታ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰልጣኝ ፊቷን አዞረች።

በዚህ ጊዜ ፉሚኮ ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች። በጃፓንኛ መናገር ጀመረች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሳይቆራረጥ የሚሄድ ነበር። ስትጨርስ ጎንበስ ብላ በዚያው ቀረች። ሚስ ሞሪታ ወደ ያለምወርቅ ዞረች።

«ሻይ አፍስሼ የእንግዳዋን ልብስ አበላሽቻለሁ ትላለች። ልብሱን ልጠበው ብላ እጇን ብትዘረጋ ከለከልሻት። እንደገና ለመነችሽ፤ እንደገና ከለከልሻት። ይቅርታዬን አልተቀበለችም ትላለች። ጥፋቴን እንዳልክስ ስለከለከለችኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ በር ስገባ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም ትላለች። እውነት ነው?»

ያለምወርቅ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችው። እድፉ ለሁሉም ታየ።

«እውነት ነው። ጥፋቱ ግን የኔ ነው። ትሪውን ልቀበላት ተነስቼ ነው።»

«ለምን ተነሳሽ?»

«ሰው ሲያገለግለኝ ተቀምጬ ማየት አልችልም።»

«አልጋውንም አንቺ ነሽ የምታነጥፊው?»

«አዎ።»

ሚስ ሞሪታ ይህንን ለሠራተኞቹ ስትተረጉም ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ሳቋን በእጇ ያዘች። ሚስ ሞሪታ አልሳቀችም። «አንቺ ስትነሺ እሷ የምትቆምበት ቦታ ታጣለች» አለች። «ደግነት መስሎሽ ሥራዋን ነጠቅሻት።»

ለሳምንት የተጠራቀመው ረሃብና እፍረት ያን ጊዜ ወጣ። ያለምወርቅ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግን እንግሊዝኛው አልበቃ ስላላት ወደ አማርኛ ገባች። ቀናው ሳይጠየቅ ተነስቶ መተርጎም ጀመረ።

«እንግዲህ ልናገር። ርቦኛል። አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ ምግቡን ትወስዱታላችሁ። እኛ ጋ አንድ ጊዜ የጠየቀ ሰው እንዳልጠየቀ ነው። ይኼም ይሁን፣ እሱን እችለዋለሁ። ግን እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ሰው አጠገቤ ተቀምጦ አልበላም። በእኛ አገር ሰው ብቻውን እንዲበላ የሚተወው ሲቀየሙት ነው። ደንቡ መሆኑን ባውቅም ምን እንዳጠፋሁ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ገንዳው ጥሩ ነው፣ አልጋው ጥሩ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሰው የለም።»

ቀናው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሲተረጉም ድምፁ ላይ የነበረው ቀልድ ጠፍቷል። ሚስ ሞሪታ ለሠራተኞቹ ነገረቻቸው። አሁን የሳቀ የለም። አስተናጋጁ ጎንበስ አለ።

«የመጀመሪያውን እናስተካክላለን» አለች ሚስ ሞሪታ። «ከአገርሽ ለሚመጣ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ እንጠይቃለን። ሁለተኛውን አንችልም። እኛ ከእንግዳ ጋር አንቀመጥም።» ወደ ያለምወርቅ አንድ እርምጃ ቀረበች። «እስካሁን ለምን አልተናገርሽም?»

«ነውር ስለሆነ።»

«እንግዲህ ነውሩን ሠርተሽዋል። ነገ ጠዋት በሠራተኞች በር ግቢ።»

የሠራተኞች በር ከሕንጻው በስተጀርባ ነበር። ምድር ቤት ውስጥ የሠራተኞች መመገቢያ አለ፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ቧንቧ የሚያልፍበት፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት ክፍል ነው። ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ሩዝና የዓሣ ሾርባ ይበላል፣ ያወራል፣ ይጣደፋል። ፉሚኮ አይታት ተጠጋችላት፤ ያለምወርቅ ከመካከላቸው ገብታ ተቀመጠች። ፉሚኮ ሩዝ ልትጨምርላት ጭልፋውን አነሳች። ያለምወርቅ አፏ ለምዶባት በቃኝ አለች። ፉሚኮ ጭልፋውን አልመለሰችም። እንደገና ጠየቀች። ያለምወርቅ በቃኝ አለች። ፉሚኮ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቅ ያለምወርቅ ሳህኗን አቀረበች።

* * *

ከጃፓን ተመልሳ አዲስ አበባው ሆቴል ውስጥ የፎቅ ኃላፊ ሆነች። ጠዋት ከአቃቂ ባቡር ስትሳፈር አዲሷ የቡፌ ልጅ በመስኮት ሻይ ታቀብላታለች፤ ያለምወርቅም ሻዩ ከመጠን በላይ ትኩስ መሆኑን ትነግራታለች። ልጅቷ በዚህ ምክንያት ጠላቻት። ሆቴሉ ውስጥም የፎቁ ሠራተኞች በመጀመሪያ ፈርተዋት፣ በኋላ ወደዷት። ቀናው በቀልዱ እንግዳ እያሳቀ ምግብ ቤቱን እስከ መምራት ደረሰ። እሷ ግን አንድ ቦታ ላይ የመርጋት ነገር አልሆነላትም። መንግሥት ተለወጠ፣ የሆቴሉ ባለቤት ተለወጠ፣ የሚመጣው እንግዳም ተለወጠ። በዚያው ሰሞን እትዬ በላይነሽ እግራቸው እምቢ ብሏቸው ቡፌውን ሊተዉ መሆኑን ሰማች። ወሬውን በሰማች በሳምንቱ ሥራዋን ለቃ ቡፌውን ተረከበች። ሰው ሁሉ ጃፓን ደርሳ ወደ ድንች መላጥ ተመለሰች አለ።

በእሷ ዘመን ቡፌው ውስጥ አንድ ደንብ ነበር። በልቶ የጨረሰ ሰው ከወንበሩ ከመነሳቱ በፊት ያለምወርቅ ከፊቱ ቆማ ትጠይቀዋለች።

«ምን ጎደለ?»

ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን የሚል መልስ አትቀበልም። የአቃቂ ሰው ተቸገረ። በልቶ ነቀፋ የሚናገር አፍ አልነበረውም። አንዳንዱ ጉድለት ቤቱ እያለ አስቦ ይዞ መምጣት ጀመረ። ሐዲድ ጠባቂው ኦልጅራ በየቀኑ ሻይ የሚጠጣ ደንበኛ ነበር።

«ስኳሩ በዛ» አላት አንድ ቀን።

«ስኳሩን የጨመርከው አንተ ነህ።»

«ምን ላድርግ፣ ጠየቅሽኛ። ባዶ እጄን ልውጣ?»

ቡፌው እየደመቀ ሄደ። እሷም ከመቼውም የበለጠ ቆመች። ባቡር ሲመጣ ትሪ ይዛ ትወጣለች፤ ባቡር ሲሄድ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ትዞራለች፤ የጎደለውን ትሞላለች፣ ያልጎደለውንም ታስተካክላለች። እናቷ ዳሲቱ እስከሞቱበት ዓመት ድረስ ልጃቸው ተቀምጣ ስትበላ ያዩዋት በጣት በሚቆጠር ቀን ነው።

አንድ እሑድ እትዬ በላይነሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በዱላቸው ተደግፈው ቡፌው ገቡ። ከለቀቁ ወዲህ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር። ያለምወርቅ ጥጉ ላይ ካለው ጠረጴዛ አስቀመጠቻቸው፣ እጃቸውን አስታጠበቻቸው፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ምግብ አቀረበችላቸው።

«ይብሉ እንጂ እትዬ፣ በሞቴ።»

እትዬ በላይነሽ መብላት ጀመሩ። ያለምወርቅ ወጥ ጨመረችላቸው። ሄደች፣ ውሃ ይዛ መጣች። ሄደች፣ ከሌላ ጠረጴዛ ላይ ፍርፋሪ ጠረገች። ተመለሰች፣ እንጀራ ጨመረችላቸው። አሮጊቷ በዓይናቸው እየተከተሏት በሉ። ሲበቃቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ያለምወርቅ እንደ ልማዷ ከፊታቸው ቆመች።

«ምን ጎደለ?»

«ይቺን ጥያቄ እኔም ላይ ልታመጫት ነው?»

«ከሁሉ በላይ እርስዎን እንጂ። ይህን ቤት የሚያውቀው ሌላ ማን አለ?»

እትዬ በላይነሽ ዱላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ጨው አልጎደለውም። ቅመሙም ደህና ነው። ብቻዬን በላሁ።»

ያለምወርቅ ባዶውን ብርጭቆ ወደ ትሪዋ አነሳች።

«ጃፓን ድረስ ሄደሽ ብቻዬን በላሁ ብለሽ ከሰሽ የመጣሽው አንቺ አይደለሽም? ቀናው ለአገር ሁሉ ነግሯል። እንዲያው ምን አጠፋሁ ብዬ ሳስብ ነው የበላሁት።»

«ሥራ ነዋ እትዬ። ሰው ይመጣል።»

«ሰው መጥቷል። ይኸው እኔ አለሁ።» ከጎናቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው መቱት። «ቁጭ በይ።»

ያለምወርቅ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ከእንጀራው ጫፍ ቆረሰች። ገና ወደ አፏ ሳታደርሰው ከዱከም በኩል የባቡር ፊሽካ ተሰማ፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሰውነቷ ከወንበሩ ተነቀለ፣ እጇ ትሪውን ፈለገ። እትዬ በላይነሽ ራሳቸውን ወደ በሩ አዘንብለው አዳመጡ፣ ከዚያ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ ጫኑት።

«ተይው» አሏት። «የጭነት ነው። መስኮት የለውም።»

ፉርጎዎቹ አንድ በአንድ በበሩ ፊት አለፉ። ያለምወርቅ ወደ ወንበሯ ተመለሰች፣ ዓይኗን ከሐዲዱ ሳትነቅል የቆረሰችውን ጎረሰች።